ጉንፋን ነው

ትልቋ ልጄ ኬጂ ከገባች ጀምሮ ቤታችን ንፍጥ ጠፍቶበት አያውቅም። ሰኞ ደህና ሆና ትሄዳለች፣ ረቡዕ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ትመለሳለች፣ ሐሙስ እኔ አስነጥሳለሁ፣ ቅዳሜ እናቷ። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጉንፋን ነው። ዝንጅብል በማር፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት፣ አለቀ።

የወንድሟ ክርስትና ዕለትም እንደዚያው ነበረች። ልጁ አርባ ቀኑ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ተመልሰን፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ጥለን እንግዳ እየተቀበልን፣ እሷ ንፍጧን በአዲሱ ቀሚሷ እጅጌ እየጠረገች በሰው እግር መሀል ትሯሯጣለች። ያያት ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። በየመሀሉ እየመጣች ወንድሟን ትስመዋለች። ፎቶው አለ። እሷ ከንፈሯን አሞጥሙጣ አፍንጫው ላይ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ። ከድግሱ ፎቶዎች ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው። ለብዙ ወራት ግን ላየው አልቻልኩም።

እሷ ብቻ አይደለችም ደግሞ። ከይርጋለም፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ የመጣ ዘመድ፣ የእድር ሰው፣ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ሁሉም አቅፎታል። ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ዋለ። ሽማግሌዎቹ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ የመጡም ነበሩ፤ የክረምት መግቢያ ነው፣ ሀዋሳ ማታ ማታ ይዘንባል፣ ማን ያልሳለ አለ? ስለዚህ ከማን እንደተላለፈበት ዛሬም አላውቅም። ለልጄ ስል ባላውቀው እመርጣለሁ። አንድ ቀን አድጋ ይህን ብታነብ «እኔ ነኝ» እንዳትል።

ከክርስትናው በኋላ በሁለተኛው ቀን የስድስት ሳምንት ክትባቱን ወሰደ። ማታውን ትንሽ አተኮሰው፣ አለቀሰ፣ በማግስቱ ለቀቀው። ያለ ነው፤ ጤና ጣቢያም አስቀድመው ነግረውናል። ጣጣው ከሦስት ቀን በኋላ ማስነጠስ ሲጀምር ያንንም በክትባቱ ላይ ደፈደፍነው። ቀጥሎ ደረቅ ሳል መጣ። «ክትባቱ ነው» ማለት ሲያቅተን «ጉንፋን ነው» አልን።

አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። ያየው ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረፋው እስከ ደጅ ነው፣ ደክሞታል። ሙቀቱን ለካ፤ 37 ነጥብ 1። በልብሱ ላይ አድርጎ ደረቱን አዳመጠ። «ጉንፋን ነው፣ አይዟችሁ» አለና ሁለት ሽሮፕ ጻፈልን። አንዱ አንቲባዮቲክ፣ አንዱ የሳል። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ትኩሳት የለውማ! ያኔ የእኔ ጭንቅላት ውስጥ በሽታ ማለት ትኩሳት ነው። ትኩሳት ከሌለ የለም። በሁለት ወር ባልሞላው ጨቅላ ላይ ይህ ሂሳብ እንደማይሠራ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሳያተኩሰው፣ እንዲያውም ሰውነቱ እየቀዘቀዘ እንደሚታመም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ዕድሜ የሚመከር የሳል ሽሮፕ የሚባል ነገር እንደሌለም እንደዚያው።

አማቴ ከይርጋለም የመጡት አራስ ሊያርሱ ነው። ከባለቤቴ ጋር በዚያ ሰሞን ኩርፊያ ላይ ነበሩ። ነገሩ ቅቤ ነው። እሳቸው ለጋ ቅቤ አሙቀው ልጁን ሊያውጡት ይፈልጋሉ፣ «ደረቱን ያለሰልስለታል፣ አንቺንም ያሳደግኩሽ በሱ ነው» ይላሉ፤ እሷ አይሆንም ትላለች። እሷ ትክክል ነበረች። ቅቤው ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ከገባ ራሱን የቻለ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ግን እዚህ ላይ ነገሩን በዚህ ከቋጨሁት አማቴን እበድላቸዋለሁ። ምክንያቱም ያን ሌሊት እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ዲግሪ ያለን ሰዎች፣ ያላየነውን ያዩት እሳቸው ናቸው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ቀሰቀሱኝ።

«ልጄ፣ መብራቱን አብራና ጎኑን እየው።»

አበራሁ። ሸሚዙን ገልጠው አሳዩኝ። በትንፋሽ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲተነፍስ በስተመጨረሻ ላይ ትንሽ ማቃሰት የመሰለ ድምፅ አለ። ከመጀመሪያው እንቅልፌ ስነቃ ያቺን ድምፅ ሰምቻት ነበር። ሕልም እያየ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ነው የተኛሁት።

«ጡቱንም እምቢ ብሏል» አሉኝ። «ከምሽት ጀምሮ ይዞ ይለቃል። ጡት እምቢ ያለ ልጅ ጤና የለውም።»

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ስልኬን አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ። 74 ሆነ። 74 ብዙ ይሁን ትንሽ አላውቅም። ስለዚህ የራሴን ቆጠርኩ፤ ፈርቼም እንኳ 20 አልሞላም። ሄጄ ልጄን ቆጠርኩ፤ እንደተኛች 24። ከዚያ በኋላ መነጽሬንም አልፈለግኩም።

አሁን ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ድረስ 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40። ጨቅላ ልጅ ትንፋሹ ወጣ ገባ ስለሚል አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል፣ ከበዛ ደግሞ ይደገማል። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም። መሣሪያ አይፈልግ፣ ገንዘብ አይፈልግ። ክሊኒክ ከመሄዳችን በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ... ይተው።

ባጃጅ ለማግኘት በዝናብ እስከ ዋናው አስፋልት ሮጥኩ። የምንኖረው ታቦር በኩል ነው፣ በዚያ ሰዓት ውሻና እኔ ብቻ ነን። አንድ ልጅ እግር ባጃጁ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። መስኮቱን ስደበድብ ሊሰድበኝ አፉን ከፈተና ፊቴን ሲያይ ዝም ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሒሳቡን በኋላ ልሰጠው ስል የለም፣ ሄዷል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲስተሯ ካርድ አላለችንም። ልጁን ከእናቱ እቅፍ ተቀብላ እግሩ ላይ ኦክስጅን መለኪያዋን አሰረችበት። 83 አለ። ይህንንም ቁጥር ያኔ አላውቀውም፤ የሲስተሯን ፊት ነው ያነበብኩት። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጣል ነው መመሪያው። አፍንጫው ውስጥ ከጣቴ ጥፍር የምታንስ ሁለት ቀዳዳ ቱቦ ገባች። 83 የነበረው 88፣ 91፣ 94 እያለ ሲወጣ አንድ አሥራ አምስት ደቂቃ ዓይናችንን ከዚያ ስክሪን ላይ ሳንነቅል ቆምን። አማቴ ቤት ቀርተው ከትልቋ ጋር ናቸው። ስልክ ደውዬ «ኦክስጅን ተደረገለት» ስላቸው «ዋይ ልጄን!» ብለው ዘጉብኝ። ለካ እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ኦክስጅን የሚደረገው ለሚሞት ሰው ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ኦክስጅን ይነቀልልን የሚለው ለዚህ እንደሆነ በኋላ ሲስተሯ ነገረችኝ። ተመልሼ ደውዬ ግማሽ ሰዓት ሳስረዳቸው ነጋ።

ጠዋት ዶክተሯ መጣች። ወጣት ናት፣ እንቅልፍ ያጣች። ለፍርሃቴ የሚሆን ጊዜ ሰጠችኝ፣ ሁሌም አመሰግናታለሁ። የካርዱን ጀርባ ገልብጣ ዛፍ ሳለች፣ ወደ ታች የሚያድግ ዛፍ። የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ እስክሪብቶዋን አሳርፋ «እዚህ ነው ያመመው» አለችኝ። ብሮንኪዮላይተስ ይባላል። ቫይረሱ የቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ግድግዳ ያሳብጣል፣ የሞተው የግድግዳ ልጣጭና አክታው ተደባልቆ ይወትፋቸዋል።

«የትኛው ቫይረስ ነው?»

«እዚህ አንመረምርም። ብናውቀውም የምናደርገው ያው ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ አር ኤስ ቪ የሚባለው ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ኦክስጅኑና ወተቱ። ሌላ የለንም። ሀብታም ሀገርም ብትሄድ ከዚህ ብዙ አይለይም።»

አንቲባዮቲክ መርፌ ግን ታዞለት ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኩ፤ ቫይረስን እንደማይነካ እሷው ነግራኛለችና። ሁለት ወር ባልሞላው ልጅ ላይ ባክቴሪያ አለመኖሩን በእይታ ብቻ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ ብንሳሳት ደግሞ ዋጋው ከባድ ስለሆነ ነው አለችኝ። በቂ መልስ ነው። ክሊኒኩ የጻፈልን ሽሮፕ ግን ሁለቱንም እንድናቆም ነገረችን።

እዚህ ጋ ሙያዬ ይቅርታ ይደረግለትና አንድ ነገር ልበል። ለአስራ አንደኛ ክፍል በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፤ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር የሚገጥመው መቋቋም በቱቦው የውስጥ ዲያሜትር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ያውም በአራተኛ ኃይል። ዲያሜትሩ በግማሽ ከጠበበ መቋቋሙ እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። በእኔ ደረት ውስጥ አንዲት ቀጭን የእብጠት ንብርብር ብትጨመር ቱቦዬ ሰፊ ስለሆነ «ጉሮሮዬን ከረከረኝ» ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ያችው ንብርብር ከመጀመሪያው ፀጉር በሚያህል ቱቦ ውስጥ ስትገባ ልጁ እያንዳንዷን ትንፋሽ እንደ ከባድ ዕቃ ማንሳት አለበት። በዚያ ላይ ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው ማለት ይቻላል። አፍንጫው ከተደፈነ ወይ ይጠባል ወይ ይተነፍሳል። ልጄ መተንፈስን መረጠ። አማቴ «ጡት እምቢ አለ» ያሉት ይሄን ነው። ሰሌዳ ላይ ሃያ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ። ከአጠገባችን ከአለታ ወንዶ ገጠር የመጣች እናት ነበረች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ የኔ ሲዳምኛ ከሷ አማርኛ ያነሰ ነው፣ ግን ተግባባን። ልጇ የአምስት ሳምንት ናት፣ በሽታዋ ያው። እንዴት መጣሽ አልኳት። በቀበሌያቸው ያለችው ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት ስትዞር ልጇን አይታ፣ ልብሷን ገልጣ፣ በትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓቷ ቆጠረች። ከ60 አለፈ። «ዛሬውኑ ሂጂ» አለቻት፣ ወረቀት ጻፈችላት። በዕለቱ ደረሰች። ከገጠር የመጣችው ማለት ነው። እኔ ከሆስፒታሉ በባጃጅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ሆኜ ሦስት ቀን ሽሮፕ ስሰጥ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እሷ ስትነግረኝ ግን ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ከወዲያ ጥግ የባሰባት ሕፃን አለች። የሷ ኦክስጅን ሌላ ዓይነት ነው። ከአፍንጫዋ የሚወጣው ቱቦ ዞሮ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ጠርሙሱ ቀን ከሌት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሲፓፕ ነው የሚሉት። ትልቅ ማሽን የመሰለኝ ነገር ቀርቤ ሳየው ውሃ ነው። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ የአምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ሳንባው ውስጥ ይቀራል፤ ሕፃኗ ስትተነፍስ የሳንባዋ ቀጫጭን ቱቦዎች ተጣብቀው እንዳይዘጉ ያ ትንሽ ግፊት ከውስጥ ይደግፋቸዋል። ባንግላዴሽ ዳካ ውስጥ ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ የሚባል ሐኪም በባዶ የሻምፖ ጠርሙስ በርካሽ እንዲሠራ ያደረገው ነገር ነው። የኛም ሀገር ሐኪሞች ከነሱ ጋር ሆነው በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ፈትነውት፣ ከተለመደው ኦክስጅን ይልቅ የሚሞተው ልጅ አንሶ ተገኝቷል። የሻምፖ ጠርሙስ! ያን ሌሊት ያንን ቡልቅታ እየሰማሁ ነበር የተኛሁት፣ ከተባለ።

ዶክተሯ አስቀድማ «ሕመሙ በጀመረ አራተኛና አምስተኛው ቀን ይብሳል፣ አትደንግጡ» ብላን ነበር። ደነገጥን። ሁለተኛው ሌሊት ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንድ አቆመ። ገና ትንንሾቹ ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ እንዲያውም አንዳንዱ ላይ ከሳልም ከንፍጥም በፊት የሚታየው ምልክት ይህ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ሲስተሯ የእግሩን መዳፍ ቧጨር ቧጨር ስታደርገው ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እስክንወጣ ድረስ እጇን ከደረቱ ላይ አላነሳችም። አንዴ መብራት ጠፍቶ የኦክስጅን ማምረቻው ማሽን ቀጥ ሲል ሲሊንደሩ እስኪቀየር ያለፈው ጊዜ ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው። ምናልባት። አልቆጠርኩም።

በሦስተኛው ቀን በአፍንጫው ቱቦ ይገባለት የነበረው የእናቱ ወተት መጠን ተጨመረ። በአምስተኛው ቀን ራሱ ጠባ። ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ የክፍሉ እናቶች ሁሉ ሳቁ። በሰባተኛው ቀን ወጣን። ሳሉ ግን ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ።

ቤት ከገባን በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እንቅልፍም ስለሌለ። አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው ሰው ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ለምርምር የተያዙ ቺምፓንዚዎች ያስነጥሳቸው ጀመር፣ አብሯቸው የሚሠራ ሰውም ታመመ። ያገኙትን ቫይረስ ምን ብለው ቢሰይሙት ጥሩ ነው? የቺምፓንዚ ጉንፋን። እነሱም ጉንፋን ነው አሉ! ብዙም ሳይቆይ ሮበርት ቻኖክ የሚባል ሐኪም ባልቲሞር ከተማ ውስጥ መተንፈሻቸውን ከታመሙ ሕፃናት ያንኑ ቫይረስ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲታይ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዚህ ቫይረስ ያልተያዘ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ትልቋ ልጄም ይዟታል፣ እኔም ደጋግሞ ይዞኛል፣ እናንተም። አብዛኛው በንፍጥ ያልፋል። ሆስፒታል የሚገቡት አብዛኞቹ ደግሞ ያለ ቀኑ የተወለዱ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ይመስለኝ ነበር። እነሱ ላይ ይከፋል እውነት ነው፤ አልጋውን የሚሞሉት ግን እንደኔ ልጅ በቀናቸው የተወለዱ ጤነኞች ናቸው። ጥፋታቸው ትንሽ መሆናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት በዚህ ቫይረስ እንደሞቱ ይገመታል። ከነሱ ውስጥ 45 ሺህ ያህሉ ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ደግሞ የሞቱት እንደኛ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች። ቫይረሱ ስቶክሆልምም ሀዋሳም ያው ነው። የሚለየው ኦክስጅኑ ጋ የሚደረስበት ሰዓት ነው።

ክትባቱ ለምን ዘገየ? ይህ ታሪክ አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቫይረሱን በፎርማሊን ገድለው ክትባት ሠሩ። የተከተቡት ሕፃናት በኋላ ትክክለኛው ቫይረስ ሲይዛቸው ካልተከተቡት ይልቅ ባሰባቸው፣ አብዛኞቹ ሆስፒታል ገቡ፣ ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለአስርት ዓመታት ማንም ሊነካው ፈራ። ነገሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ባርኒ ግራሃምና ጄሰን ማክሌላን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ቫይረሱ ሴላችን ውስጥ የሚገባበት ፕሮቲን ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ቅርጹን እንደሚቀይር አሳዩ፤ ሰውነታችን መለማመድ ያለበት የመጀመሪያውን ቅርጽ ነው፣ የቀድሞው ክትባት ያሳየው ግን ሁለተኛውን ነበር። ቅርጹን እንዳይለዋወጥ ቆልፎ መያዝ የሚለው ይህ ብልሃት በኋላ ለኮቪድ ክትባትም ውሏል።

አሁን ሁለት ነገር አለ። አንዱ ለነፍሰ ጡር እናት በመጨረሻዎቹ ወራት የሚሰጥ ክትባት ነው፤ እሷ የምታመርተው መከላከያ በእንግዴ ልጅ አልፎ ልጁ ጋ ይደርሳል፣ በጣም የሚያስፈሩትን የመጀመሪያ ወራት ይሸፍናል። ሌላው ለራሱ ለሕፃኑ አንዴ የሚወጋ የተዘጋጀ መከላከያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሀገሮች ሁሉ ከሁለቱ አንዱን እንዲጀምሩ መክሯል። ባለቤቴ በእርግዝናዋ ጊዜ የተከተበችው የቴታነስ ብቻ ነው። ዋጋውን ሳይ ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ገባኝ ማለት ተዋጠልኝ ማለት አይደለም። የሳንባ ምች የሚያመጣውን ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ሀብታሞቹ ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው እኛ ጋ የደረሰው። ይሄኛው ስንት ይፈጅ ይሆን?

የሳንባ ምች ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አማርኛችን ከንፈር ላይ የሚወጣውንም ቁስል «ምች» ነው የሚለው። ምች መታኝ ይላል ሰው፣ ዳማከሴ ያሻል፣ ፀሐይ ላይ ላብ በላብ ሆኜ ነው ይላል። እሱም ቫይረስ ነው፤ ሄርፒስ ይባላል። ትልቅ ሰው ላይ በሳምንት ይደርቃል። በዚያ ከንፈር የተሳመ የቀናት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ላይ ግን ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፣ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ቶሎ ካልተጀመረለት ይገድላል። ከአር ኤስ ቪ ይልቅ በጣም ብርቅ ነው። ግን ክርስትናችን ላይ ከንፈሩ ላይ ቅባት የተቀባ አንድ አጎት ነበረ። ልጁን ሲስም አይቼዋለሁ። ከሆስፒታል ወጥተን ይህን ያነበብኩ ሌሊት ተነስቼ ልጁን እንደገና ቆጠርኩት። 46።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሕግ አለ። ቡና የሚፈላው ውጭ ነው፣ ከሰሉም እጣኑም ከልጁ ክፍል ይራቅ። ከውጭ የገባ ሰው እጁን ይታጠባል። ያሳለው አያቅፍም። መጻፉ ቀላል ነው። አክስትህ ከዲላ ድረስ ለምለም ቄጠማና ቅቤ ይዛ መጥታ፣ እጇን ዘርግታ «ወዲህ በለው» ስትል፣ «አክስቴ፣ ጉንፋን ይዞሻል፣ አይሆንም» የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? አማቴ ናቸው የገላገሉኝ። አሁን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ጥብቅ ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው «እግሩን ሳሚ፣ ፊቱን ተዪ» ይላሉ። በይርጋለም ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ የልጆቻቸውን ትንፋሽ ያስቆጥራሉ አሉ። የቅቤውን ነገር ግን አልተውትም። ለሌላ ሰው ልጅ ይመክራሉ ብላ ባለቤቴ ትጠረጥራለች።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ወለደች። አራስ ልጠይቅ ሄድኩ፣ ቤታቸው ሀይቅ ዳር በኩል ነው። መንገድ ላይ ሁለቴ አስነጠሰኝ። በሩ ጋ ስደርስ የያዝኩትን ለአራሷ እናት ሰጥቼ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብዬ ልመለስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ምነው? ሳትገባ?»

«ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል እናቴ። ለሕፃኗ ብዬ ነው።»

«እንዴ! ጉንፋን ነው እኮ፣ ጉንፋን ምን አላት? ግባ ባክህ።»

አልገባም አልኩ። አንዴ ፊቴን፣ አንዴ ጫማዬን አዩ። ከውስጥ የሕፃኗ ለቅሶ ይሰማል፣ ጠንካራ ለቅሶ ነው። ዝም ብለው ገቡ። የተቀየሙ መስሎኝ ልሄድ ዞር ስል ገንፎውን በሳህን አድርገው፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ፣ ይዘውልኝ ወጡ። ማንኪያ ሰጡኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ በላሁ።